ሜካኒካል ወይስ ከእንስሳ? የልብ ቫልቬን የመረጥኩበት መንገድ

የአዮርቲክ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው ሰዎች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "የትኛው ቫልቭ ይሻላል?" ብለው ነው። እኔም ሐኪሜን የጠየቅኩት ይሄንኑ ነበር። እሱ ግን መልሶ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። ሌላ ልጅ ትፈልጊያለሽ? ደም የምትመረመሪበት ላብራቶሪ ቅርብሽ አለ? መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ላይ እንዴት ነሽ? ከቫልቩ ይልቅ ስለ ኑሮዬ ነው ያወራነው። አሁን ሳስበው ምርጫው የሚጀምረው እዚያ ነው።

አዮርቲክ ቫልቭ ደም ከልብ ወደ መላ ሰውነት ሲወጣ የሚያልፍበት በር ነው። የእኔ አይገጥምም ነበር፤ የወጣው ደም ተመልሶ ይፈሳል። መነሻው በልጅነቴ ሲመላለስብኝ የነበረው ቶንሲል ነው፤ በአገራችን ስንቱን ወጣት የልብ ሕመምተኛ ያደረገ ነገር። ደም ግፊቴ ሲለካ 150 በ50 ይሆናል። የላይኛውና የታችኛው እንዲህ መራራቁ ራሱ የመፍሰሱ ምልክት ነው። አንገቴ ላይ ያለው የደም ሥር ሲዘል ባለቤቴ ማዶ ተቀምጦ ያየው ነበር። ቆይቶ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር፤ ሌሊትም ትራስ ካልደራረብኩ መተኛት አቃተኝ። ሐኪሙ "ከዚህ በላይ ከቆየን ልብሽ ተለጥጦ ይደክማል፤ ያኔ ቫልቩ ቢቀየርም ላይመለስ ይችላል" አለኝ።

ደረት ሳይከፈት በብሽሽት የደም ሥር በኩል ቫልቭ የሚገባበት ታቪ የሚባል ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን ከተማ አላን ክሪቢየ የተባሉ ሐኪም ናቸው በሰው ላይ የጀመሩት። አሜሪካ የሚኖሩት አጎቴ በሰማንያ ዓመታቸው በዚሁ ታክመው ቶሎ ቤታቸው ገብተዋል። እኔም ልቤ የቆመው እዚያ ላይ ነበር። ግን የእሳቸው ሕመም መጥበብ ነው፤ በዕድሜ ብዛት ቫልቩ ላይ ካልሲየም ተጋግሮበት። የሚገባው ቫልቭ ያንን የደረቀ ነገር ተደግፎ ነው የሚቆመው። የእኔ የሚያፈስ እንጂ የደረቀ ስላልሆነ አዲሱን አጥብቆ የሚይዝ ነገር የለም። በዚያ ላይ ገና 36 ዓመቴ ነበር።

መጠገንም አልሆነም፤ የቫልቩ ክዳኖች ወፍረውና አጥረው ነበር። ሮስ የሚባለውም ተነሳ። ዶናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመሩት ቀዶ ሕክምና ነው። ወደ ሳንባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የራስሽ ቫልቭ ተነስቶ አዮርቲኩ ቦታ ይተከላል፤ በእሱ ቦታ ደግሞ ከሟች የተለገሰ ይገባል። ዕድሜ ልክ የደም ማቅጠኛ አለመፈለጉ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሥራውን በደንብ የለመደ ቀዶ ሐኪም ይጠይቃል፤ የእኔ ዓይነቱ ሕመም ደግሞ የተዛወረውንም ቫልቭ ሊያጠቃው ይችላል።

ሁለት ቀሩ። አንዱ ከላም የልብ ሽፋን ወይም ከአሳማ ቫልቭ የሚሠራው ነው። ዋርፋሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ ቢያስፈልግ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ቢያገለግል ነው፤ በወጣት ሰው ላይ ደግሞ ቶሎ ያረጃል፤ ከዚያ እንደገና ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለተኛው ከካርቦን የሚሠራው ሜካኒካል ቫልቭ ነው። ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል፤ ዋርፋሪኑም እንደዚያው ዕድሜ ልክ ነው። አዳዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች ለዚህ ቫልቭ አይሆኑም። ዋርፋሪን ፅንስን ይጎዳል፤ ስለዚህ መውለድ የምታስብ ሴት ይሄን ሳትነጋገር ፈጽሞ መፈረም የለባትም። እኛ ሁለት ልጆች አሉን። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ይበቃናል አልን። ላብራቶሪውም ከቤታችን አንድ ታክሲ ነው። ሜካኒካሉን መረጥኩ። ገጠር ብኖር ኖሮ ሌላ ነገር የምመርጥ ይመስለኛል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምለው የለኝም። የደረት አጥንት ይከፈታል፤ ልብ እንዲቆም ተደርጎ ማሽን ሥራዋን ይሠራል፤ ሲያልቅ አጥንቱ በሽቦ ይታሰራል። ከበደኝ የምለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሳስል ትራስ ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ አቅፌ ነበር። አጥንቱ እስኪገጥም ጄሪካን ማንሳት፣ ትንሿን ልጄን ማዘል ክልክል ነው። እሷ እጇን ስትዘረጋልኝ እኔ ቁጭ ብዬ "ነይ አጠገቤ" ማለት ብቻ። ዘመድ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ይሄን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ቤቱ ፀጥ ሲል ደግሞ ቫልቩ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ኋላ ይለመዳል።

ዋናው ሥራ አይኤንአር የሚባለውን፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በደም ምርመራ የሚያሳየውን ቁጥር መጠበቅ ነው። የእኔ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ሲጨምር መድማት አለ። ጎመን የዋርፋሪኑን ኃይል ይቀንሳል። ሁዳዴ ሲገባ ገበታው ሁሉ ጎመን በጎመን በሚሆንበት ጊዜ ቁጥሬ ወረደ። ሐኪሙ ተይው አላለኝም፤ ከሳምንት ሳምንት መጠኑ እኩል ይሁን አለኝ። አሁን በጾምም በፍስክም የምበላው ያው ነው። ከጎመኑ በላይ የምፈራው ግን ለሆድ በቀላሉ የሚታዘዘውን ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ቁጥሩን ሽቅብ ይሰደዋል። ለወገብ ሕመም የሚወጋውን ዳይክሎፌናክም አልነካም። ፋርማሲ ስገባ ቀድሜ "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" እላለሁ።

ጥርስ ከመነቀሌ በፊት አንቲባዮቲክ እወስዳለሁ፤ ከአፍ የሚነሳ ተህዋስ አዲሱን ቫልቭ ሊይዘው ይችላል። ቶንሲሉ እንዳይመለስብኝ የምወጋው የፔኒሲሊን መርፌም አልቆመም። የተተከለውን ቫልቭ ቶንሲል የሚያመጣው ሕመም አይነካውም፤ የቀሩትን የራሴን ቫልቮች ግን ይነካቸዋል። ልጆቼም ጉሮሯችንን አመመን ካሉኝ "ነገ ይሻላቸዋል" ብዬ አላሳድርም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው የምወስዳቸው።