«ስምህን ጻፍ፣ ወደ ነበርኩበት መልሰኝ»

ሰው ስንት ቁም ነገር እያለበት እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብልቃጥ ስመርጥ ከረምኩ። ባዶ ብልቃጥ። ያውም ከጣት የማትበልጥ።

ነገሩን ያመጣብኝ እንግዳ ነው። ባሕር ዳር ጣና ዳር ካለ አንድ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የካቲት ላይ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ መጣ። ሌላው እንግዳ ዘጌ ለመሄድ ጀልባው ስንት ነው፣ ጢስ ዓባይ አሁን ውሃ አለው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እሱ ግን ስልኩን ይዞ መጣና «ጂኦካሺንግ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አንዱ ትንሽ ዕቃ ውስጥ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ከትቶ የሆነ ቦታ ይደብቃል፤ ቦታውን በጂፒኤስ፣ ማለትም በሳተላይት፣ ለክቶ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው ስልኩን እያየ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ስሙንና ቀኑን ጽፎ መልሶ እዚያው ይሸጉጣል።

«ሽልማቱስ?» አልኩት።

«ማግኘቱ» አለኝ።

ለካ የእኛኑ ኩኩሉ ነው ሳተላይት ጨምረው ያመጡት።

ጨዋታው የተጀመረው በፈረንጆቹ ሜይ 3 ቀን 2000 ነው። አሜሪካ ተራው ሰው የሚጠቀምበትን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ባቆመች ማግስት፣ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ጫካ ገብቶ አንድ ጥቁር ባልዲ አስቀመጠ። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ የቆርቆሮ ባቄላ ነበር። ዛሬ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው፤ አውሬ ይጠራል። ባልዲውም ቢሆን እያነሰ እያነሰ ሄዶ፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በታች የሚይዘው «ማይክሮ» ይባላል፤ ከዚያም ወረድ ሲል የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ቂጧ ላይ ማግኔት ያላት «ናኖ» አለች።

ሰውዬው ሲሄድ ጨበጠኝና መዳፌ ላይ አንድ ነገር አኖረልኝ። ጉርሻ መስሎኝ ሳላይ ኪሴ ከተትኩ፤ ደግሞ ሰገድኩለት። ዞር ብሎ ሲሄድ ባወጣው አንዲት ናኖ። ልሞክራት ብዬ የግቢውን የብረት አጥር ላይ ለጠፍኳት፣ እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። እኔው ደብቄ እኔው አጣሁ።

እንግዲህ የራሴን ልሠራ ተነሣሁ። አንድ ዕቃ ደብቆ ዞር ማለት የለም፤ ኢንተርኔት ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚገመግሙ በጎ ፈቃደኞች አሉ፣ ባለቤቱም እየሄደ ማየትና ማደስ አለበት። ከሌላ ሰው ዕቃ ደግሞ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። እኔ ይሄ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ውሃው ነው። ጣናን እናውቀዋለን፤ ግንቦት ላይ ተቀምጠህ ዓሣ ያጠመድክበት ድንጋይ መስከረም ላይ ሐይቁ ውስጥ ነው። የሚያፈስ ዕቃ ካስቀመጥክ ክረምቱ ሲወጣ የምታገኘው የስም ዝርዝር ሳይሆን ጭቃ ነው።

ስለዚህ ፈተና አዘጋጀሁ። ደረቅ ሶፍት ዕቃው ውስጥ ትከታለህ፣ ግጥም አድርገህ ትዘጋለህ፣ ከጠጠር ጋር በክር አስረህ ውሃ ውስጥ ታሳድራለህ፣ ጠዋት ሶፍቱን ትዳስሳለህ። ለዚህ የሚሆን ጥሩ ውሃ እናቴ ሳፋ ውስጥ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት እማዬ ውሃ ልትጠጣ ተነሥታ፣ እኔ በስልክ መብራት ሳፋው ላይ ተጎንብሼ ብልቃጥ በክር ሳወርድ አየችኝ። ቆመች። አማተበች። ተመልሳ ገባች። ምንም አላለች፣ እኔም ምንም አላልኩ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው።

ውጤቱን በአጭሩ፦ የባልም ቆርቆሮ በሦስት ቀን ዛገችና ክዳኗ አልከፈት አለ፤ በቢላ ስታገል አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ፣ ያቺ የጎማ ክዳን ያላት፣ አንድ ጠብታ አላስገባችም። ግን ብርጭቆ ናት፤ ሐይቁ ዳር ልጆች በባዶ እግራቸው ነው የሚሮጡት፤ ተውኳት። የክኒን ዕቃ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፣ ጣት ሲገባ ሶፍቱ እርጥብ ነው፤ አታላይ ነው። የፊልም ማስቀመጫ፣ ያ ጥቁሩ፣ ድሮ ፎቶ ቤት የሚጣለውና እናቶቻችን ሚጥሚጣ የሚያኖሩበት፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ደህና አድሮ በሁለተኛው ከዳኝ።

አንደኛ የወጣው ማን መሰላችሁ? ፕሪፎርም። ሃይላንድ ሃይላንድ ከመሆኑ በፊት ያለው ቅርጽ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አሙቀው አየር ሲነፉበት ነው ሆዱ ወጥቶ የውሃ ጠርሙስ የሚሆነው፤ ሳይነፋ ግን እንደ ወፍራም ጣት ነው፣ ገላው ጠንካራ፣ አንገቱ ግን ያው የምናውቀው ጥርስ ያለው፣ የተለመደውን ክዳን የሚቀበል። የሃይላንድ ሽል በሉት። አራት ሌሊት ሳፋ ውስጥ አድሮ ሶፍቱ ከሱቅ እንደወጣ ነበር። አቅፌው ልተኛ ምንም አልቀረኝም። ግን ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ የውሃ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ። ለዋናው ቀን ይቆይ ብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩትና፣ ለሙከራ ያህል የፊልሙን ዕቃ ሁለት ቀን ዛፍ ላይ ልስቀለው አልኩ።

አሁን የእኔን ብልጠት ስሙ። ለወረቀቱ ከመሥሪያ ቤት ያለቀ የደረሰኝ ጥቅል ጫፍ አመጣሁ፤ ስስ ነው፣ ረጅም ነው፣ ራሱን በራሱ ይጠቀለላል። አናቱ ላይ እንግዳው እንዳሳየኝ መመሪያ ጻፍኩ፤ ይጥማል ብዬ በዕቃው አንደበት አደረግኩት። ከታች የቦታውን ልኬት። ዕቃው ውስጥ ለልውውጥ የሚሆን ትንሽ ነገር ማስቀመጥም ወግ ነው፤ ቦታ ስለሌለ ከቁልፍ መያዣዬ ላይ አንዲት ዛጎል ፈትቼ ጨመርኩ። እንዳይታይ ደግሞ በጥቁር ክር አሰርኩት። ከማረፊያው ወረድ ብሎ፣ ሐይቁ ጠርዝ ካለ ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልኩት።

ጥቁር ክር። ዛጎል። የተጠቀለለ ጽሑፍ። ዋርካ። አንድ ሰው እንኳ «ምነው?» የሚለኝ ይጥፋ?

በማግስቱ ማታ ከሥራ ስመለስ ቤታችን ቡና ተፈልቷል፣ ግን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቡና እየተጠጣ ቤት ጸጥ ካለ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ የሚታማው ሰው ገብቷል። እማዬ፣ ጎረቤታችን እትዬ፣ እና ከማዶ ቤት የመጡ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ረከቦቱ አጠገብ፣ የስኒ ማስቀመጫ ላይ፣ የእኔ የፊልም ዕቃ። ጥቁር ክሩ ዙሪያውን ተጠምጥሟል፤ ከላይ ጤና አዳም ተደርጎበታል።

«የልጅ ልጄ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ከዋርካው ላይ አወረደው» አሉ እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው። «እኔ በእጄ አልነካሁትም፤ በጉጠት ነው ያነሣሁት።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ…» ብዬ ስጀምር፣ እማዬ «አንተ ተማርኩ ትል የለ? ክፈትና አንብበው» አለችኝ።

እዚህ ላይ «የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ስድስት ዓይን አፈጠጠብኝ፤ አንብቤው ሲስቁ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከፈትኩት። ዛጎሏ ወርዳ ሰሌኑ ላይ ተንከባለለች፤ የማዶዋ ሴትዮ እግራቸውን ሰበሰቡ። አነበብኩ፦

«ያገኘኸኝ ሆይ፣ ስምህንና ቀኑን ጻፍ። ከውስጤ ከወሰድክ ምትኩን ተው። ወደ ነበርኩበት መልሰኝ። ለማያውቅ ሰው አታሳየኝ። ሰሜን 11 ዲግሪ 36፣ ምሥራቅ 37 ዲግሪ 23።»

የሳቀ የለም። ጮክ ብዬ ሳነበው ለእኔም የሚያስቅ ነገር አጣሁበት።

«ስም?» አሉ እትዬ። «የክርስትና ስም ነው እንጂ የሚፈልገው!»

«ምትኩን ተው ይላል፣ ሰምተሻል? ነፍስ በነፍስ ነው ይሄ።»

«ሠላሳ ሰባት ያለው ዕድሜ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት የሞላው ማነው እዚህ ሰፈር?»

ዝም ተባለ። ከዚያ የማዶዋ ሴትዮ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ባጃጅ የሚነዳው የእህቴ ልጅ። ባለፈው ሳምንት የተገለበጠው።»

«በስመ አብ!»

«ሰሜን ያለውስ? ያሠራው ከወደ ጎንደር ሄዶ ነው ማለት ነው።»

«ጎጃም ምን ጠፍቶ ነው ጎንደር ድረስ የሚሄደው?» አለች እማዬ፣ ቅር ብሏት።

ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ወረቀቱን በጉጠት ከእጄ መንጭቀው «ይቃጠላ!» ብለው ወደ ፍሙ ወሰዱት።

አሁን የማወራውን ያላየ አያምነኝም። ወረቀቱ ፍሙን ገና አልነካም፤ አንድ ስንዝር ያህል ከላይ ነው። መጀመሪያ ጫፉ አመድ መሰለ። ከዚያ ጥቁረቱ ከታች ወደ ላይ፣ ነጠላ ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም፣ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር። አልነደደም። አልጨሰም። «ሰሜን» ጠፋ፣ «ምትኩን ተው» ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ «ስምህን» የሚለው ብቻ ቀርቶ እሱም ተዋጠ። ነጭ የነበረው ወረቀት ጉጠቱ ላይ ከል ለብሶ ተንጠለጠለ።

ጩኸቱን ልተወው። ጀበናው ተገለበጠ። እትዬ ጉጠቱን ወርውረው በአንድ እግር ጫማ ወጡ፤ ሁለተኛው ጫማቸው እስከ ማግስቱ እኛ ቤት አደረ።

ያን ጊዜ ነው የተናዘዝኩት። የእኔ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ወረቀቱ የደረሰኝ ወረቀት ነው፣ ማሽኑ ቀለም የለውም፣ በሙቀት ነው የሚጽፈው፣ ወረቀቱ የተቀባው ኬሚካል ሲሞቅ ይጠቁራል እያልኩ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። እማዬ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። አላመነችኝም። «እሺ እዪ» ብዬ ከኪሴ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ አወጣሁና ከፍሙ በላይ ያዝኩት። እሱም ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ኪሱም ውስጥ አለ!» አሉ የማዶዋ ሴትዮ፣ ግድግዳውን ተጠግተው።

እማዬ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። «ሌሊት ሳፋ ላይ ተጎንብሶ ብልቃጥ በክር ሲያወርድ አይቼው ነበር። ለማን ልንገር ብዬ ነው ይዤው የኖርኩ።»

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የእንግዳውን ሰውዬ ታሪክ፣ ሳተላይቱን፣ የቆርቆሮ ባቄላውን ሳይቀር ተረክሁላት። ስልኬን ከፍቼ የዓለም ካርታ ላይ ነጠብጣቦቹን አሳየኋት። «ይሄ ሁሉ ሰው ነው ዛፍ ላይ የሚያንጠለጥለው?» አለችኝ፤ እንደ ማዘን ብላ። እትዬ ጫማቸውን ሊወስዱ በማግስቱ መጡ፤ ከበር አላለፉም። ስለ ባጃጁ ልጅ ስጠይቃቸው «ክሩን ካወረድነው ወዲህ ደህና ነው» አሉኝ። ምን ይመለሳል?

በመጨረሻ እማዬ ያመነች መሰለችና መደርደሪያውን ስታይ ፕሪፎርሙ ላይ ቆመች።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ ምንም የለበትም፣ ባዶ ነው።»

«ያፈሳል?»

ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ከልፋቴ አንዱ ገባት ብዬ። «በፍጹም! አራት ሌሊት ውሃ ውስጥ አድሮ ጠብ አላለም።»

በማግስቱ ከሥራ ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነው። ከአልጋዬ ራስጌ ምስማር ተመትቷል፤ ምስማሩ ላይ ፕሪፎርሙ በነጭ ክር ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ እስከ አንገቱ ጠበል ሞልቷል። ሳምንቱ አለፈ፣ ትራሴ አልረጠበም።