ካርዱ ላይ ያልተጻፈው ግራዋ

የምሠራው ጅማ፣ የአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዬ ባጭሩ እበት ማየት ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ከሰቃ በኩል አንድ አባት ጥጃ ነድተው መጡ። ከስታለች፣ ፀጉሯ ቆሟል፣ ያስቀምጣታል። ወጣቱ ዶክተራችን «አባባ፣ መድኃኒት ሰጥተዋታል?» ሲላቸው «ኧረ ምንም» አሉት። ካርዱ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ። ናሙናው እኔ ዘንድ መጣ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ያገኘሁት የትል እንቁላል በጣም ጥቂት ነው። ዶክተሩም «እንግዲህ ትል አይደለም» ብሎ ሌላ መርፌ ሊያዝ ተነሳ።

እኔ ግን የጥጃዋ ሁኔታ አልጣመኝም። ወጥቼ ሽማግሌውን በወሬ ያዝኳቸው። «ኤቢቻ ጨምቀን አጠጥተናታል እንጂ መድኃኒትማ አልሰጠናትም» አሉኝ። ታዲያ ለዶክተሩ ለምን አልነገሩትም? «እሱ የጠየቀኝ መድኃኒት ነው። ይሄ የጓሮ ነው» አሉና ሳቁ። እውነታቸውን ነው።

ኤቢቻ ያው የጠላ ጋን የምናጥብበት ግራዋ ነው። ለዶክተሩ ስነግረው ፈገግ አለ። «የጓሮ ቅጠል ውጤት ይቀይራል እንዴ?»

ያኔ የታንዛኒያዋን ቺምፓንዚ አነሳሁበት። በ1987 እ.ኤ.አ. ማሃሌ ተራሮች ላይ ማይክል ሃፍማን የሚባል ተመራማሪ ቻውሲኩ የተባለች የታመመች ቺምፓንዚ ሲከታተል ይቺኑ ግራዋ ስትበላ አየ። ቅጠሉን ጣለች፣ ልጡን ላጠች፣ የውስጡን መራራ ለስላሳ ክፍል አኝካ ጭማቂውን መጠጠች፣ ቃጫውን ተፋች። በማግስቱ ተሻላት። አብሮት የነበረው ሞሃመዲ ሰይፉ ካሉንዴ የፓርክ ሠራተኛም የባህል ሐኪምም ነበር። ተክሉ በአካባቢው ሰው ዘንድ ለሆድ ሕመምና ለጥገኛ ትል እንደሚሰጥ የነገረው እሱ ነው። ተመራማሪው ባይጠይቀው ኖሮ ነገሩ እንደ ተራ ቁርስ ባለፈ ነበር።

ለእኔ ለእበት ቆጣሪው ደስ የሚለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሌላ ቺምፓንዚ ይህንኑ ካኘከች በኋላ በ20 ሰዓት ውስጥ በአንድ ግራም ዓይነ ምድሯ ያለው የትል እንቁላል ከ130 ወደ 15 ወርዶ ተገኝቷል። ቅጠሉንና ልጡን የሚተዉትም በከንቱ አይመስልም፤ ኃይለኛው መርዝ በብዛት ያለው እዚያ ነው። ሽማግሌው ደግሞ የጨመቁት ቅጠሉን ነው። ስለዚህ «ዝንጀሮም ያውቀዋል» ብሎ ዝም ብሎ ማጠጣት አይቻልም። (ለነገሩ በእኛ ጫካ ጉሬዛና ጦጣ እንጂ ቺምፓንዚ የለም።)

ዶክተሩ ግትር አይደለም። መርፌውን አቆየው። ወጥቶ እንደገና ጠየቃቸው፦ የትኛውን ክፍል? ስንት እፍኝ? መቼ? «ትናንት ጠዋት» አሉት። ግራዋውን አቁመው በሳምንቱ ጥጃዋን እንዲያመጡ ነገራቸው። ሲመለሱ እንቁላሉ በዝቶ አገኘሁት። አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት በክብደቷ ልክ ተሰጣት፣ አገገመች። ግራዋው ነው እንቁላሉን ለጊዜው የቀነሰው? ሊሆን ይችላል። በአንዲት ጥጃ ግን አይፈረድም።

አሁን ካርዳችን ላይ «መድኃኒት» ከሚለው በታች «የጓሮ ነገር፦ ምን፣ የቱ ክፍል፣ ስንት፣ መቼ» የሚል መስመር ገብቷል። ገበሬው እዚያ ላይ ሲደርስ ወሬው አያልቅም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሰልፉ ረዘመብኝ እያለች እስካሁን ትነጫነጭብናለች።