አሥራ ስድስተኛው ፓኔል

በምሠራበት ወርክሾፕ ለኤግዚቢሽን የሚቀርቡ ሞዴሎችን በሌጎ ጡብ፣ ማለትም እርስ በርሱ በሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ፣ እንገነባለን። አብዛኛው ሥራችን ሕንፃ ስለሆነ ቀጥ ያለ ግድግዳና ትክክለኛ ማዕዘን ይበዛበታል፤ ጡቡም የሚመቸው ለዚሁ ነው። ክብ ወይም ሾጣጣ ነገር ሲመጣ ግን ከእጅ ሥራው ስሌቱ ይበልጣል። ይህ በደንብ የገባኝ፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ መርከቦችን አቅጣጫ የሚያሳይ የባሕር ዳርቻ መብራት ማማ እንድሠራ በተሰጠኝ ጊዜ ነው።

የማማው የታችኛው ክፍል ሲሊንደር፣ የላይኛው ደግሞ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ ነበር። ዙሪያው አንድ ሜትር ያህል የሆነውን ሲሊንደር የሠራሁት በታወቀው ዘዴ፣ ሁለት ጉብታ (በጡቡ አናት ላይ ያለ፣ ከላዩ የሚያርፈውን ጡብ የሚይዝ ክብ እብጠት) ያለውን ጡብ አንድ ጉብታ ካለው ክብ ጡብ ጋር በየረድፉ እያፈራረቅሁ በመደርደር ነው። ክብ ጡቡ ማዕዘን ስለሌለው ጎረቤቱ ሲዞር አያግደውም፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ የተሠራው ግድግዳ ሁለቱን ጫፎች ይዘው ቀስ ብለው ሲያጥፉት ይታጠፍና ክብ ሆኖ ይገጥማል። የእኔም ግድግዳ በመጀመሪያው ሙከራ ገጠመ። ለኋላው ስሕተቴ መነሻ የሆነው ይህ ስኬት ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ፕላስቲክ ጥቂት ቢያስጨንቁት ይታዘዛል የሚል እምነት አደረብኝ።

ሾጣጣውን በክብ ጡብ መሥራት አይቻልም፤ እየጠበበ የሚሄድ ግድግዳ በየረድፉ የጡቡን ቁጥር መቀነስ ስለሚጠይቅ ጉብታዎቹ እርስ በርሳቸው አይገናኙም። ስለዚህ ክቡን በ16 ጎን ከፍዬ፣ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ ጠፍጣፋ ፓኔል ሠርቼ፣ ሁሉንም ወደ ውስጥ ላዘነብላቸው ወሰንኩ። የግርጌው ቀለበት እያንዳንዱ ጎን 8 ጉብታ፣ ማለትም 64 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለው ርቀት ምንጊዜም 8 ሚሊ ሜትር ነውና። የፓኔሉ አናት 4 ጉብታ ስፋት፣ ርዝመቱ ደግሞ 28 ጉብታ እንዲሆን አቀድሁ። ጠርዙን ለማጥበብ ፓኔሉን ባለ 7፣ ባለ 6፣ ባለ 5 እና ባለ 4 ጉብታ ስፋት በሆኑ አራት ክፍሎች ከፈልኩት፤ እያንዳንዱ ክፍል 7 ጉብታ ርዝመት ነበረው። ጎዶሎው ስፋት በሙሉው ላይ መሐል ለመሐል እንዲያርፍ፣ የሁለት ጉብታ ስፋት ኖሮት መሐሉ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ያለውን ስስ ጡብ ተጠቀምኩ፤ ግማሽ ጉብታ ለማንቀሳቀስ ከእርሱ የተሻለ የለም።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ጥሩ ነበር። ፓኔሎቹን ከግርጌው ቀለበት ጋር ያያያዝኳቸው ግን ጥርስ ባለው፣ ሲታጠፍ ቀጭ እያለ በሚቆም ማጠፊያ ነው። ይህ ማጠፊያ ክብደት የመሸከም አቅሙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚቆመው በየ22.5 ዲግሪው ብቻ ነው። ለቀለበቱ ይህ በረከት ነበር፤ 16 ጊዜ 22.5 ልክ 360 ስለሚሆን ቀለበቱ ያለ ምንም ግፊት ተዘጋ። የፓኔሎቹ ዝንባሌ ግን በእኔ ስሌት 21 ዲግሪ ነበር።

የቡድናችን መሪ፣ ከእኔ ብዙ ዓመት በሥራው የቆዩ ሴት፣ ንድፉን ተመልክተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ማጠፊያው 21ን ያውቀዋል?» አሉ። «አንድ ዲግሪ ተኩል ነው፤ ፕላስቲኩ ይችለዋል» ብዬ መለስኩ። «እንግዲያውስ አሥራ ስድስቱንም ከመጨረስህ በፊት ሁለቱን አቁመህ አናታቸውን እየው» ብለውኝ ሄዱ። አላየሁም። ሁለቱን አቁሞ ማየት አሥር ደቂቃ እንኳን የማይወስድ ሥራ ነበር፤ ያልሠራሁት ጊዜ አጥሮኝ ሳይሆን መልሱን የማውቀው ስለመሰለኝ ነው።

ሁሉንም ፓኔል ሠርቼ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መግጠም ጀመርኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አናቱ ላይ ሲነካካ ትኩረት አልሰጠሁትም። ወደ ሰባተኛው ስደርስ ፓኔሎቹ በየማጠፊያቸው ላላ ባለችው ጥቂት ቦታ ተጠቅመው ወደ ጎን ዘመም ማለት ጀመሩ። አሥራ ስድስተኛውን ላስገባ ስል ግርጌው ላይ ሙሉ የ8 ጉብታ ቦታ ክፍት ሆኖ ይጠብቀኛል፤ አናቱ ላይ ግን የቀረው ቀጭን ስንጥቅ ነው። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሌሎቹን በመዳፌ ወደ ውጭ እየገፋሁ፣ የመጨረሻውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ አስገባሁትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ስመለስ ሦስት ፓኔሎች ጠረጴዛው ላይ ወድቀው፣ ሁለት ሌሎች ደግሞ ወደ ውስጥ ተንጋደው አገኘኋቸው። ከወደቁት የአንዱን ማጠፊያ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሳየው፣ ግራጫው ፕላስቲክ በጥርሶቹ ሥር ፀጉር በሚያህል ነጭ መስመር ተሰምሯል። ጡቡ የሚሠራበት ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ ከአቅሙ በላይ ሲታጠፍ እንዲህ ይነጣል፤ አንዴ ከነጣም ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ጥርሱ በሁለት ማቆሚያዎች መካከል፣ በማያርፍበት ቦታ ላይ ሁለት ቀንና ሦስት ሌሊት ተወጥሮ ቆይቶ ነበር።

መሪያችን ወቀሳ አልጨመሩም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «አናቱን እንቁጠረው» አሉ። ከማማው መሐል እስከ ፓኔሉ ያለው ርቀት ግርጌው ላይ 161 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አናቱ ላይ ደግሞ 80.5 ገደማ መሆን ነበረበት፤ ማለትም ፓኔሉ ከታች እስከ ላይ 80.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ርዝመቱ 224 ሚሊ ሜትር የሆነ ፓኔል በ22.5 ዲግሪ ሲያዘነብል ግን ወደ 86 የሚጠጋ ይገባል። አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ልዩነቱ። ሆኖም በዚያ ጠባብ ክብ ላይ ለእያንዳንዱ ፓኔል የሚደርሰው ቦታ 29.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፓኔሉ ስፋት 31.8 ነው። የአንዱ ጉድለት ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ በ16 ሲባዛ ግን 30 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ሙሉ ፓኔል ስፋት ሊሆን ምንም አልቀረውም። በእርግጥም አሥራ አምስት ፓኔል ብቻ የሚይዝ ሾጣጣ ሠርቼ አሥራ ስድስተኛውን በጉልበት ስጨምር ነበር።

«ሲሊንደሩስ እንዴት ታዘዘልኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከሳጥኑ ባለ ሁለት ጉብታ ጡብ አንስተው በመለኪያ አሳዩኝ፤ 16 መሆን ሲገባው 15.8 ሚሊ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ጡብና በጎረቤቱ መካከል ሆን ተብሎ የተተወ የ0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። ሲሊንደሩ የታጠፈው በእነዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍተቶችና በክብ ጡቦቹ ምክንያት እንጂ አንድም ጡብ ተለጥጦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በዴንማርክ ፓተንት በተጠየቀበት አሠራር የተመረቱ ጡቦች ከዛሬዎቹ ጋር የሚገጥሙት ልኩ ይህን ያህል ጥብቅ ስለሆነ ነው፤ ይኸው ጥብቅነት ግን ለእኔ ዓይነቱ ግምት ቦታ አይተውም።

እኔ መፍትሔ ብዬ ያሰብኩት ማጠፊያውን አንሥቶ በየትኛውም ዲግሪ በሚቆም፣ ዘንግን በሚነክስ መያዣ መተካት ነበር። እሳቸው አልወደዱትም። እንዲህ ያለው መያዣ በሰበቃ ብቻ ስለሚይዝ ከጊዜ በኋላ ይላላል፤ ሞዴሉም በመኪና የሚጓጓዝ ነው። «ማጠፊያው ዲግሪውን ከወሰነብህ ርዝመቱን አንተ ወስን» አሉኝ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የፓኔሉን ርዝመት እንደማይነካ ነገር ቆጥሬው ነበር። በ22.5 ዲግሪ 80.5 ሚሊ ሜትር ለመግባት የሚያስፈልገው ርዝመት 210 ሚሊ ሜትር ነው፤ 26 ጉብታ 208 ይሆናል። በዚህ ርዝመት ለእያንዳንዱ ፓኔል አናት የሚደርሰው ቦታ 32.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 31.8 የሆነው ፓኔል ግማሽ ሚሊ ሜትር ተርፎት ይገባል። የሚቀረው አራቱን ክፍሎች 7፣ 7፣ 7፣ 7 ከማድረግ ይልቅ ከታች ወደ ላይ 6፣ 7፣ 6፣ 7 ማድረግ ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሁለት ፓኔሎችን አስቀድሜ አቆምኩና በአናታቸው መካከል ወረቀት አሳለፍኩ። ወረቀቱ አለፈ። ቀሪዎቹን ሳስተካክል የቀኑ ግማሽ አለቀ፤ ከ32ቱ ማጠፊያዎች 11ዱ ነጭ መስመር ስለወጣባቸው በአዲስ ቀየርኳቸው። አሥራ ስድስተኛው ፓኔል በሁለት ጣት ተይዞ ገባ፤ ቀጭ ሲል የሰማሁት ድምፅ ከመጀመሪያው ፓኔል ድምፅ አይለይም ነበር።

ማማው በማጠሩ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ከቁመቱ ጎደለ፤ ትእዛዙ ደግሞ ቁመቱን በግልጽ ይጠቅስ ነበር። ከሲሊንደሩ ሥር አምስት ድርብ ስስ ጡብ አስገባሁበት። የአንዱ ውፍረት 3.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አምስቱ 16 ይሆናሉ። የጎደለውን አንድ ሚሊ ሜትር ለመሪያችን ነገርኳቸው፤ እሳቸውም በርክክብ ሰነዱ ላይ እንድጽፈው አዘዙኝ፤ ጻፍኩት።