ለአራዳ ጊዮርጊስ የገባው ጥላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

«ልጄን ካተረፍክልኝ ጥላ አገባልሃለሁ» ብላ ለአራዳ ጊዮርጊስ የተሳለች እናት ናት። ልጇ ድኖላታል። ምስክርነቱ የእሷ ነው፤ ያከምነው ባለሙያዎች በፈቃዳቸው የምንጨምረው አልጋው አጠገብ የተሠራውን ነው።

ልጁ የ24 ዓመት ወጣት፣ የአራት ኪሎ ሰፈር ልጅ፣ ሕመም የማያውቀው። ሁለት ቀን «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ተጨመቀለት። ዳማከሴው አልጎዳውም፤ የሚጎዳው የሚባክነው ቀን ነው። በሦስተኛው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲመጣ ትኩሳቱ 39፣ መብራት ማየት የማይችል፣ የሚያስመልሰው፣ አገጩን ወደ ደረቱ ማድረስ ያቃተው ነበር። የጠረጠርነው ማጅራት ገትርን፣ የአንጎል ሽፋን መቆጣትን ነው። ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ ግን አንገት አልተገተረም ተብሎ በሽታው የለም አይባልም።

ዋናው ጥያቄ ንቃቱ ነው። ስሙን፣ ቀኑን፣ ያለበትን ቦታ በትክክል መለሰ፤ እጅና እግሩ እኩል ይሠራል፤ አላንቀጠቀጠውም። ቢዘባርቅ ወይም ቢያንቀጠቅጠው ኖሮ አንጎሉ ራሱ ተነክቷል ብለን ውጤት ሳንጠብቅ የቫይረስ መድኃኒቱን አሲክሎቪር በኪሎ 10 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ በደም ሥር እንጀምር፣ ከጀርባ ፈሳሽ ከመቅዳታችንም በፊት ሲቲ ስካን እናስነሣ ነበር።

ፈሳሹ ይቀዳ ሲባል ልጁ እሺ አለ፤ እናት ግን «ሽባ ያደርግብኛል» ብላ አለቀሰች። ይህን ፍርሃት በየጊዜው እንሰማዋለን። ሕብለ ሰረሰር የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ በ3ኛውና በ4ኛው ወይም በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ነው። እስክትረጋጋ ግን መድኃኒቱ አልጠበቀም። ለካልቸር (ባክቴሪያ ካለ አብቅሎ ለማየት) ደም ተወስዶ የአንጎል ሽፋን መቆጣትን የሚያበርደው ዴክሳሜታሶን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ አንቲባዮቲኮቹ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራምና ቫንኮማይሲን ተሰጠው። ባክቴሪያ ከሆነ አንድ ሰዓት መዘግየት ዋጋ ያስከፍላልና።

በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጠፈ። እናት ኮሪደር ላይ ተንበርክካ ነበር። ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ፣ እንደ ጸበል ጥርት ያለ። ጥራቱ ብቻ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የቲቢውም የፈንገሱም ፈሳሽ ጥርት ሊል ይችላል።

ላብራቶሪው 180 ነጭ ሴል ቆጠረ፣ 85 በመቶው ሊምፎሳይት የሚባለው ዓይነት፤ ይህ ወደ ቫይረስ ያዘነብላል። ፕሮቲን 72፣ ግሉኮስ 62፣ በዚያው ሰዓት የተወሰደው የደም ግሉኮስ 98። የደሙ ካልተለካ የፈሳሹ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም። ቲቢ ቢሆን ሊምፎሳይቱ እንዲሁ ይበዛል፣ ግሉኮሱ ግን ይወርድ ነበር፤ ቢሆንም ጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ)፣ ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስና የኤችአይቪ ምርመራ ተሠራ። ደጋግመን የጠየቅነው ደግሞ ከፋርማሲ የገዛው አንቲባዮቲክ እንዳለ ነው፤ ሁለት ቀን አሞክሳሲሊን የዋጠ ሰው ባክቴሪያ ይዞት ሳለ ካልቸሩ ባዶ ሊወጣ፣ ሐኪምንም ሊያሳስት ይችላል። አልወሰደም።

በ48 ሰዓት ካልቸሩ ምንም አላበቀለም፤ ሌሎቹም ነፃ ወጡ። ቫይረስ ነው ተብሎ አንቲባዮቲኩና ዴክሳሜታሶኑ ቆሙ። እናት ደነገጠች፤ «መድኃኒት ነሥታችሁት ነው የሚድነው?» አለች። እንዲህ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንጀት ቫይረሶች የሚመጣው፣ ራሱ ነው የሚለቀው፤ የቀረለት ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ፈሳሽና ጨለም ያለ ክፍል ነበር። ጸበሉን ይጠጣ ወይ ላለችው፣ ይጠጣ አልናት። ኤችአይቪው ግን ገና በተያዘ ሰው ምርመራው ላያሳይ ስለሚችል ከ3 ወር በኋላ እንዲደገም ተቀጥሯል።

በ5ኛው ቀን ወጣ። ወሩ በ23 ጥላው ገባ። ልጁ እኔ ልያዘው ብሎ ተቀብሎ ነበር፤ ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ደክሞት ለወንድሙ አቀበለው። ድካሙ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል ስለተነገራት እናት አልደነገጠችም።