አዳማ ላይ ነፋስ ያጠራት መኪና

ባለቤቴ መኪናዬን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሯን ነው። ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ የማየው መኪናዋን ነው። ሌሊቱን የአዳማ ነፋስ አቧራ አልብሷት ካደረ፣ ቁርስ ሳልቀምስ እሷን አራግፋለሁ። እ.ኤ.አ. የ1969 ቮልስ ናት፤ ሞተሯ 1300። ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ ሰማያዊ ነው ይላል። አሁን ግን እንደሚያያት ሰው ይለያያል።

አንድ ጊዜ ለባለቤቴ ክብሯን ላስረዳት ሞከርኩ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ እንደተሠራ፣ የመጨረሻዋም እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ እንደወጣች ነገርኳት።

«ከ21 ሚሊዮን ውስጥ ይቺን መረጥክ?» አለችኝ።

የገዛኋት ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ አዛውንት ላይ ነው። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ኮፈኗን ዳበስ አድርገው «ልጄ፣ መካኒክ እንዳታበዛባት» አሉኝ። ዝም ብለህ ንዳት ማለታቸው ነበር። እኔ ግን ራስህ ሥራት ያሉኝ መስሎኝ ካቻቢቴ ገዛሁ።

ትምህርቱን ከዩቲዩብ አገኘሁት። አንድ ጢማም ፈረንጅ አለ፣ ቮልስ ብቻ ነው የሚሠራው። ጋራዡ ከኛ ሳሎን ይጸዳል። ሞተር አውርዶ ሲሰቅል እንኳን እጁ ላይ ግራሶ አታዩም። ምስጢሩ የኋላ ኪሱ ውስጥ አጥፎ የያዘው ነጭ ጨርቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። በየደቂቃው መዘዝ ያደርገውና ጣቱን ጠረግ ጠረግ። እንዴት እንደሚያምርበት!

ነገሩ የሆነው ኅዳር ላይ ነው። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ እሁድ የባለቤቴ እህት ልጅ ክርስትና አለ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «እማማን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ፣ በቮልስ» አልኩ።

«ባጃጅ ጠፍቶ ነው?» አለች ባለቤቴ።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሳሁ። የቮልስ ቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ ነው፤ 0.15 ሚሊ ሜትር። ስምንቱንም ቫልቭ ለማግኘት መኪናዋ ሥር በጀርባ መተኛት ግድ ነው። ክዳኑን ስከፍት ውስጥ የቀረው ዘይት ቀስ ብሎ ወረደና ግራ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ፈረንጁ ይኼን አላሳየም። ቢሆንም ጨረስኩ። ቀጥዬ የካንዴላዎቹን እሳት የሚቆጣጠረውን ፑንቲና 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልኩ። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፣ ቦረሽኩ፣ መለስኩ። እስከዚህ ድረስ ራሴን ወድጄው ነበር።

የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀሉ ይላል ሰውዬው። እኔ አራቱንም በአንዴ ነቀልኳቸው። የቮልስ ሞተር የሚተኩሰው በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ተራ ነው። እኔ ስመልሳቸው 1፣ 2፣ 3፣ 4 አልኩ፤ ቁጥር ያስተማሩኝ እንደዚያ ነዋ። ቁልፉን ሳዞረው መኪናዋ ሁለቴ አሳለች፣ ከዚያ ማርሚታዋ «ጓ!» አለ። አማቴ ከውስጥ ሆነው «በስመ አብ!» ሲሉ ሰማሁ። የጎረቤታችን ውሻ እስከ ማታ ከአልጋ ሥር አልወጣም አሉ። ገመዶቹን አስተካክዬ ካርቡራተሩ ጋ ደረስኩ።

ይኼኔ ነፋሱ ተነሳ። የአዳማን የበጋ ነፋስ ያልቀመሰ ሰው አቧራ አውቃለሁ ባይል ጥሩ ነው። ካርቡራተሩ ደግሞ ማጣሪያው ወርዶ አፉን ከፍቷል። በአንድ ነገር መሸፈን አለበት። ዞር ስል በረንዳው ብረት ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰጥቷል። ስስ ነው፣ ለስላሳ ነው። ቁርጥ የፈረንጁን! አነሳሁት፣ ጣቴን ጠረግ ጠረግ አደረግሁበት፣ ደራርቤ ካርቡራተሩን ሸፈንኩበት። ምሳ ቀረበ ተባልኩ።

ስመለስ ጨርቁ የለም። አንዱ አንስቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ማጣሪያውን ገጠምኩ፣ አስነሳኋት። እንደ ልብስ ስፌት መኪና! ትንሽ ሲቆይ ብቻ ቺንጋዋ፣ ያቺ የጎማ ቀበቶዋ፣ «ሲርርር» ማለት ጀመረች። ይኼንንም አውቀዋለሁ። የቮልስ ቺንጋ የሚጠብቀው ከፑሌጃው መሃል አንድ ቀጭን ቀለበት በማውጣት ነው። አወጣሁ። በአውራ ጣቴ ስጫናት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትረግባለች፤ ልክ ነው። ጩኸቱም ቀነሰ። ባለቤቴን ጠርቼ ድምፁን አሰማኋት።

«እና?» አለች።

የአማቴ ነጠላ የጠፋው ማታ ነው። ማለቴ፣ መጥፋቱ የታወቀው ማታ ነው። ለክርስትናው ብለው አጥበው ያሰጡት፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ የሆነ ነጠላ። ግቢው ታመሰ። አልጋ ሥር ታየ፣ የጎረቤት አጥር ላይ ታየ፣ በባትሪ ጣራ ላይ ታየ። ጣራ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ።

«የናዝሬት ነፋስ ድሮም ሌባ ነው» አሉ አማቴ።

እኔም ላጽናናቸው ብዬ «እማማ፣ ይኼ እኮ ተራ ነፋስ አይደለም» አልኳቸው። «ከከተማው ወጣ ብለው ከተተከሉት ተርባይኖች የመጀመሪያዎቹ 51፣ የሁለተኛው ዙር 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። 204 ሜጋ ዋት ላመጣ ነፋስ አንድ ነጠላ ምኑ ነው?»

አማቴ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። እሷ ቀና አላለችም።

እሁድ በልጃቸው ነጠላ ተጎናጽፈው ቮልስ ውስጥ ገቡ። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ዘይት ዘይት መሽተት ጀመረ። ቮልስ የሙቀት መለኪያ የላትም፤ መለኪያው አፍንጫ ነው። ባጃጆች መንገድ ዘግተው ስቆም የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። ወርጄ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስመዝ ጣቴን ለበለበኝ፤ ጠባሳው እስካሁን አለ።

«ውሃ አድርግባት» አሉ አማቴ ከውስጥ።

«እማማ፣ ይቺ ውሃ አትጠጣም። ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ፋን ይነፋባታል። በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው።»

በመስኮቱ ወጣ ብለው መንገዱን አዩ። አቧራው ይጨፍራል፣ ፌስታል ይበራል፣ የጋሪው ፈረስ ጋማ ተበትኗል።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ነፋስ እያለ ምን አጥታ ነው የምትግለው?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ሰኞ ድረስ።

ሰኞ መልስ አገኘሁ፤ እንዲያውም ሦስት። የመጀመሪያው አሁንም የምኮራበት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዳማ 1,600 ገደማ። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያ ያለ መካኒክ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ጄት ጠበብ ባለች ይቀይራል። ያቺው መኪና ወደ አዳማ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ጄቷ ግን ያችው ጠባቧ ናት። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል። ይኼ ሳይንስ ነው፤ ማንንም ጠይቁ። ሶማሌ ተራ የማውቀው ልጅ ጋ ደውዬ ሰፋ ያለች ጄት አስመጣሁ። ገጠምኳት። ጋለች።

ሁለተኛ፣ ዘይቱ ነው አልኩ። ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ፊልትሮም የላትም፣ ወንፊት ነው ያላት። ቀየርኩላት። ጋለች። ሦስተኛው ረቀቅ ያለ ነው። በነዚያ ዓመታት ቮልሶች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ፋን ቤቱ ውስጥ ቆሞ ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ይከልላል። ይኼን ማታ አልጋ ላይ ለባለቤቴ ሳብራራላት እንቅልፍ ወሰዳት።

ረቡዕ ደግሞ አማቴ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ነፋሱ አይደለም፣ ቆራሌው ነው። ቅዳሜ ጠዋት በደጃችን «ቆራሌው!» እያለ አልፏል፤ በሩም ክፍት ነበር። «ተነስ፣ ፈልገን እናግኘው» አሉኝ። ወጣን። ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ወደ መብራት ኃይል፣ በአንደኛ ማርሽ እናዘግማለን። አማቴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የሚያልፈውን ሴት ሁሉ ይመረምራሉ። «ያቺ አይደለችም? ቆይ፣ ቀረብ በል። የለም፣ የዚያች ጥለት ቀይ ነው።»

ልብ በሉ። እሳቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ከጀርባቸው፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አብሮን ነጠላ ፍለጋ ይዞራል።

ቆራሌውን አገኘነው። ጆንያውን አውርዶ ፈታና አንድ በአንድ አሳየን። «እማማ፣ እኔ ብረትና ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ ነው የምገዛው» አለ ቅር ብሎት። ከዚያ ዞር ሲል ከኋላ የሚጨሰውን ሞተር አየ። ፊቱ ፈካ። «ይቺን ግን ከሸጣችሁ በኪሎ ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ።»

አማቴ ወደኔ ዞሩ። «ስንት ትመዝናለች?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ 800 ኪሎ ገደማ ናት። አልነገርኳቸውም።

አርብ እጅ ሰጠሁ። ቮልስ የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። በባጃጅ መጡ። ሦስቱንም ግምቶቼን ዘረዘርኩላቸው። የጄቷን ነገር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ አለኝ። ካርቡራተሩ አጠገብ የተውኳትን አሮጌዋን ጄት አንስተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ላይዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አዩ። «ይቺ የፋብሪካዋ ናት። አዲስ አበባ ማንም አልነካትም» ብለው ኪሴ ውስጥ ጨመሩልኝ። ደስታዬ እዚያው ላይ አለቀ።

«አስነሳት» አሉ።

አስነሳኋት። ከኪሳቸው ያልወጣ ሎተሪ አውጥተው ከፋኑ ቤት ጀርባ አስጠጉት። ፋኑ ነፋስ የሚስበው በዚያ በኩል ነው፤ ሞተሩን ከኋላ ከፍቶ ለሚያይ ሰው አይታይም። ወረቀቱ ተስቦ መለጠፍ ነበረበት። ንቅንቅ አላለም።

«ይቺ ልጅ ታፍናለች» አሉ። «አጥፋት።»

ሽቦ ቆልምመው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡ። አማቴ በረንዳው ላይ አቦሉን እየቀዱ ነው። መጀመሪያ ክር መጣ። ጋሼ ክሩን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ጥቁር፣ ዘይት የጠጣ፣ የተጠቀለለ ነገር ተከተለ። ግማሹ ፋኑ ላይ ተጠምጥሟል፣ ግማሹ የነፋሱ መግቢያ ላይ እንደ ክዳን ተለጥፏል። የቅዳሜው የፈረንጅ ጨርቅ ትዝ አለኝ። ፋኑን የምታዞረው የቺንጋዋ ሲርታም ትዝ አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። ጋሼ በፒንሳ ያዙና ሳቡ፤ ይረዝማል። ሳቡ፤ አያልቅም። መጨረሻው ላይ ስንዝር የማይሞላ ንጹሕ ቦታ ብቅ አለ። አረንጓዴ። ቀጥሎ ወርቃማ።

ጋሼ ወደ ፀሐይ ዘርግተው አዩት። «ውይ፣ ጥሩ ነጠላ ነበር» አሉ። «ሽሮ ሜዳ ነው?»

ማንም አልመለሰላቸውም። ጀበናው ሲቀመጥ ሰማሁ። ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጭና «ጣውንቴ የእናቴን ነጠላ ለብሳዋለች!» አለች። አማቴ ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው አዩት። እኔን አዩኝ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ስጠብቅ፣ እልልታቸውን አቀለጡት። ሦስቴ።

«ገብርኤል ሰማኝ! ስለቴን ሰማኝ!»

ለካ ነጠላዬ ከተገኘ ቁልቢ ገብርኤል ድረስ ሄጄ ዣንጥላ አገባለሁ ብለው ተስለው ኖሯል። ለታኅሣሥ 19። በዚህ ከታለፈልኝማ ብዬ እኔም «እሰይ!» አልኩ፤ የአውቶቡስ ትኬቱን እንደምቆርጥላቸውም ቃል ገባሁ።

«የምን አውቶቡስ?» አሉ። «የደበቀችውስ ማን ሆነችና? በዚችው ነው የምትወስደኝ።»

ይኸው ታኅሣሥ ገባ። ቮልስ አሁን አትግልም፤ የምግለው እኔ ነኝ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ መንገዱን አሰላለሁ። ከአዳማ ተነስቶ አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ድረስ መውረድ አለ፤ ከዚያ የጨርጨርን ተራራ ይዞ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት። ለየትኛው አየር የትኛዋን ጄት ልግጠም? ባለቤቴ ከኛ ጋር አትሄድም። በአውቶቡስ ቀድማ ደርሳ ልትጠብቀን ነው።

አማቴ ግን ከአሁኑ መሰናዳት ጀምረዋል። ትናንት ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አምጥተው የፊት ኮፈኑ ሥር አስቀመጡ።

«እማማ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ይቺ መኪና ውሃ አትፈልግም እኮ» አልኳቸው።

«ለሷ መች ሆነና» አሉ። «ስትገፋት ይጠማሃል።»