ትርፍም ዕረፍትም ያለው አነስተኛ የአርክቴክት ቢሮ፦ ከደብረ ብርሃን የሥራ መዝገብ

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ከተሞች ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ባለሙያ ጋር አነስተኛ የአርክቴክት ቢሮ ለሚያንቀሳቅሱ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። ቢሮዬ የሚገኘው ደብረ ብርሃን ቢሆንም ሥራው ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከእነዋሪ እስከ አንኮበር ይደርሳል። ለዓመታት ስከታተለው የቆየሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ቢሮው ለደመወዝ፣ ለግብርና ለቤተሰብ የሚበቃ ገቢ እያስገኘ፣ እኛም ሌሊቱን ሳናነጋና ከደንበኛ ጋር ሳንካረር መሥራት የምንችለው እንዴት ነው? እስካሁን የደረስኩበት መልስ ትርፉና ዕረፍቱ ሁለት የተለያዩ ግቦች አለመሆናቸው ነው። ሁለቱም የሚገኙት ሥራው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ እርሳስ ከመነሣቱ በፊት፣ በጽሑፍ ሲወሰን ነው።

ለዚህ ግን መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ሥራ ለቢሮው ምን ያህል እንደሚያስወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በአካባቢያችን የንድፍ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በካሬ ሜትር ወይም «እነ እገሌ ይህን ያህል ብለውኛል» በሚል ንጽጽር ስለሆነ፣ ብዙ ባለሙያ የራሱን ወጪ ሳያውቅ በሰው ዋጋ ይዋዋላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ ስለዚህ የአንድ ሠራተኛ ዓመት በወረቀት ላይ 2,496 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ ለመጀመሪያ ዓመት የሚሰጡት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድና ወደ 12 የሚጠጉ የሕዝብ በዓላት ሲቀነሱ 2,272 ሰዓት ይቀራል። ከቀሪው ውስጥም ማዘጋጃ ቤት ወረፋ የሚጠበቅበት፣ ገና ያልተዋዋለ ደንበኛ የሚነጋገርበትና መብራት ጠፍቶ የሚባክን ሰዓት አለ፤ በእኛ ቢሮ መዝገብ ለደንበኛ ሊቆጠር የሚችለው ከ60 በመቶ ብዙም አያልፍም። ይህም 1,363 ሰዓት ያህል ነው።

አሁን ወርኃዊ ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሠራተኛን ለምሳሌ እንውሰድ። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨመር ወጪው በዓመት 266,400 ብር ይሆናል። የቢሮ ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ ኮምፒውተር፣ ኅትመትና ትራንስፖርት ተደምረው የእርሱ ድርሻ 133,600 ብር ቢደርስ ጠቅላላው 400,000 ብር ነው። ይህ ለ1,363 ሲካፈል አንዱ ሰዓት 293 ብር ገደማ ያስወጣል፤ 20 በመቶ ትርፍ ሲታከልበት ደግሞ 352 ብር አካባቢ ይደርሳል። ደመወዙን ብቻ ይዞ ለ2,496 ሰዓት ያካፈለ ሰው ግን አንዱ ሰዓት 96 ብር ብቻ ይመስለዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት የሚሞላው የቢሮው ባለቤት ሌሊት ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ባለሙያ ከመውጣቱ በፊት የዋለበትን ሥራና ሰዓቱን በመዝገብ ያሰፍራል፤ ሥራው ሲጠናቀቅም የተገመተው ሰዓት ከዋለው ሰዓት ጋር ይመሳከራል። የሚቀጥለውን ዋጋ የምንሰጠው ከዚህ መዝገብ ተነሥተን ነው።

ከዋጋው ጋር አብሮ መነገር ያለበት ታክሱ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ቢሮ «በ100,000 ብር ጨርሰነዋል» ብሎ ቢዋዋልና ታክሱ ውስጡ ነው ወይስ በላዩ ላይ ይታሰባል የሚለው ሳይጻፍ ቢቀር፣ ደንበኛው 15 በመቶው ተካትቶበታል ብሎ ይከራከራል፤ በዚህ ጊዜ ለቢሮው የሚቀረው 86,957 ብር ያህል ነው። አንዲት ሐረግ 13,000 ብር ያህል ታድናለች፤ ስለዚህ የእኛ የዋጋ ማቅረቢያ ሁልጊዜ «ከታክስ በፊት» የሚለውን ይዞ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ለውጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሚገባ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ እንደሆነ ይደነግጋል። በእኛ አገር ግን ለመኖሪያ ቤት ንድፍ ውል መጻፍ እንደ አለመተማመን የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። እኔ ለደንበኞቼ የምለው ውሉ የተጻፈው መተማመናችን እስከ ርክክብ እንዲቆይ ነው የሚል ነው፤ በዕድሜ የገፉ ደንበኞች ይህን ከወጣቶቹ ይልቅ ቶሎ ይቀበሉታል፤ የመሬትም ሆነ የብድር ነገር በሽማግሌ ፊት በወረቀት ሲሰፍር ኖሯልና።

ዋጋ ከመናገሬ በፊት ሁለት ሰነዶችን እጠይቃለሁ፤ እነርሱም የይዞታ ካርታውና የፕላን ስምምነቱ ናቸው። የፕላን ስምምነቱ በቦታው ላይ ምን ዓይነት አገልግሎትና ምን ያህል ከፍታ እንደሚፈቀድ ስለሚያሳውቅ፣ እርሱ ሳይያዝ የሚሠራ ስኬች (የመጀመሪያ ረቂቅ ንድፍ) ብዙ ጊዜ ይጣላል። ቀጥሎ ሕንፃው በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ እንለያለን። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ምድብ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ የከፈለው በምሰሶዎች መካከል ያለውን ርቀት፣ የፎቁን ብዛትና አገልግሎቱን መሠረት አድርጎ ነው፤ በዚያ አዋጅ 7 ሜትር የማያልፍ ርቀት ያለው ባለ አንድ ወለል ቤት በ«ሀ»፣ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ ወይም ከመሬት ወለል 12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ በ«ሐ» ተመድቧል። ከምድብ ወደ ምድብ በተሄደ ቁጥር የሚያስፈልገው የንድፍ ዓይነትና የባለሙያ ብዛት ይጨምራል። ስለዚህ «ለጊዜው ቤት ነው፣ ኋላ ክሊኒክ እናደርገዋለን» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ዋጋው የሚሰላው ለክሊኒክ መሆኑን ያን ዕለት መንገር ይገባል።

ክፍያውን በአራት ደረጃ እንቀበላለን፦ ሲፈረም 30 በመቶ፣ የመነሻ ንድፉ ሲጸድቅ 30፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ንድፎች ከአርክቴክቸሩ ጋር ተናብበው ሲጠናቀቁ 30፣ በርክክብ ደግሞ 10። የመጨረሻውን ክፍያ ከግንባታ ፈቃዱ መውጣት ጋር ማሰር በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም፤ ፈቃዱ በሊዝ ክፍያ፣ በወሰን ክርክርና ቢሮው በማያዝዛቸው ሌሎች ጉዳዮች ሊዘገይ ይችላልና። በአንጻሩ ማዘጋጃ ቤቱ በንድፋችን ላይ ለሚሰጠው እርማት ያለ ክፍያ እናርማለን፤ ይህም በውሉ ውስጥ አለ። ቀጣዩ ደረጃ የሚጀመረው ያለፈው ሲከፈል ብቻ መሆኑ በመጀመሪያ ጠንካራ ቢመስልም፣ ብር ለመጠየቅ በየሳምንቱ ስልክ ከመደወል አውጥቶናል።

የክለሳ ጉዳይ የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአካባቢያችን ቤት የሚሠራው አንድ ሰው አይደለም፤ አባወራው ይፈርማል፣ እማወራዋ ስለ ማዕድ ቤቱና ስለ እንጀራ መጋገሪያው ትወስናለች፣ ገንዘቡን የሚልከው ወንድም ወይም ልጅ ደግሞ ውጭ አገር ሆኖ ከሌላ ቦታ ያየውን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። ሦስቱም በየተራ ሲመጡ አንዱ ንድፍ ሦስት ጊዜ ይሠራል። መፍትሔ ሆኖ ያገኘነው በውሉ ላይ የሚወስነውን ሰው በስም መጻፍ፣ የመጀመሪያውን ስኬች የምናሳይበትን ቀን ሁሉም በአካል ወይም በስልክ በሚገኙበት ሰዓት ማድረግ፣ በዚያ ስብሰባ የተባለውን በአንድ ገጽ ጽፎ ማስፈረም ነው። ሁለት ክለሳ በዋጋው ውስጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሰዓት ይታሰባል። እማወራዋ ከመጀመሪያው ስብሰባ ያልቀረችበት ሥራ ከሌላው በጣም ባነሰ ክለሳ እንደሚያልቅ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ እርስዋ የማትገኝበትን ቀጠሮ ብናዘገየው እመርጣለሁ። ንድፉ ለአንድ ቦታ ብቻ መሆኑም ይጻፋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥነ ሕንፃ ሥራዎችም ጥበቃ የሚሰጥ ስለሆነ «የወንድሜን ፕላን ስሙን ቀይራችሁ ስጡኝ» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው።

ሰዓት የሚቆጥበው ሌላው ነገር የተዘጋጀ የዝርዝር ንድፍ ስብስብ ነው፤ በዚህ ረገድ ሰሜን ሸዋ ከሌላው ይለያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 95 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጠዋት የደጋ፣ ከሰዓት የቆላ ቤት የሚነድፍ ቢሮ አንዱን ዝርዝር ለሁለቱ ቢጠቀም ይሳሳታል፤ ለእያንዳንዱ ደግሞ ከዜሮ ቢጀምር ሰዓቱ አይበቃውም። ስለዚህ ሁለት ስብስብ አለን። በደጋው ስብስብ የመኝታና የሳሎን መስኮት የጠዋትና የበጋ ፀሐይ እንዲያገኝ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ይዞራል፣ የመስኮቱ ፍሬም ንፋስ እንዳያስገባ በጥብቅ ይገጠማል፣ ጣራው ሁልጊዜ ኮርኒስ ይኖረዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቆርቆሮ ጣራ ብቻ ያለው ክፍል ምን እንደሚመስል የሚኖርበት ያውቀዋልና። በቆላው ስብስብ መክፈቻዎቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሆነው ነፋስ ክፍሉን አቋርጦ እንዲያልፍ ትይዩ ይደረጋሉ፣ የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳ ያጥራል፣ የጣራው ክፈፍ ይረዝማል፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ ያገኛል። ሦስተኛው ስብስብ የመሠረት ነው። በእነዋሪና በደነባ በኩል ያለው መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በእርሱ ላይ ቤት ስንሠራ አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ ሙሌት የሚተካበት ንድፍ፣ ከውኃ ማፍሰሻው ጋር፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል።

ከስትራክቸር መሐንዲሱ ዋጋ ላይ መቀነስን አልቀበልም። ዞናችን የስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል በተደጋጋሚ የተከሰተው ንዝረትም እኛ ዘንድ ተሰምቷል። መሐንዲሱ በመነሻ ንድፉ ጊዜ አንድ ግማሽ ቀን አብሮን እንዲቀመጥ እንከፍለዋለን። ምሰሶው የት እንደሚቆም ያን ጊዜ ስለሚወሰን፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳና ምሰሶ ሳይገናኙ ቀርተው ሁሉም ወረቀት እንደገና የሚታተምበት ሁኔታ በጣም ቀንሷል።

የገንዘቡ ዑደት የሚሄደው ከወቅቱ ጋር ነው። ደንበኛ የሚበዛው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ከገና እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግንባታም ክፍያም ይቀዘቅዛል። የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ግብር ከፋይ ደግሞ የዓመቱ ግብር የሚታወጀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ ይኸውም ገቢው በቀነሰበት ወቅት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የግብሩ ድርሻ በዚያው ቀን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ይዛወራል፤ የክረምቱን ደመወዝ ደግሞ በዕቁብ እናጠራቅማለን፤ ዕጣውም ሰኔ አካባቢ እንዲደርሰን ከዳኛው ጋር አስቀድመን እንነጋገራለን። ክረምቱ የዝርዝር ስብስቡ የሚታደስበትና ሠራተኛው ፈቃድ የሚወስድበት ጊዜ ሆኗል። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ የግንባታ ወጪ ግምት ስንሰጥ መጠኑን፣ ማለትም የብረቱን ኪሎ፣ የሲሚንቶውን ኩንታልና የብሎኬቱን ብዛት፣ ዋና አድርገን ዋጋውን ከነቀኑ በሌላ ዓምድ እናሰፍራለን፤ ደንበኛው ገበያው ሲለወጥ ራሱ ያስተካክለዋል።

አሁን በሙከራ ላይ ያለው የሩቅ ሳይት ክትትል ነው። በአንድ ጥቅል ዋጋ «እየመጣን እናያለን» ማለት መጨረሻው አይታወቅም፤ ስለዚህ ክትትሉን ከንድፉ ለይተን በጉብኝት እንዲቆጠር አድርገናል። ግዴታ የምናደርጋቸው ሦስት ጉብኝቶች የመሠረት ቁፋሮ ሲያልቅ፣ የወለልና የቢም ብረት ታስሮ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፣ እና ጣራው ሳይለብስ ናቸው። የአንዱ ዋጋ የስምንት ሰዓት ሥራና የመጓጓዣው ድምር ነው፤ ከላይ ባለው ስሌት 2,816 ብርና ትራንስፖርት ማለት ነው። በመካከል ያለውን ፎርማኑ በቴሌግራም ፎቶ ይልካል፤ የብረቱ ርቀት እንዲነበብ ሜትር ተዘርግቶበት መነሣት አለበት። ለሸዋ ሮቢትና ለደብረ ሲና ሥራ ደንበኞች ተቀብለውታል። መሐል ሜዳ ግን ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ ስለሚርቅ፣ እዚያ የሚኖር ባለሙያ በውክልና የሚያይበትን አሠራርና የኃላፊነቱን ድርሻ በውል ረቂቅ ላይ እየጻፍኩ ነው፤ በመንዝ በኩል የምትሠሩ ባልደረቦች ረቂቁን አይታችሁ ብትተቹልኝ ከበጋው ሥራ በፊት ላስተካክለው እችላለሁ።