ግድግዳው ያልተንኳኳበት ሳምንት

ሰፈራችን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና የሚፈላው በተራ ነው። ደሴ ብርድ ናት፣ በተለይ ታኅሣሥ ላይ። ስለዚህ ከሰሉ ለጀበናው ብቻ አይደለም፣ እጃችንንም እናሞቅበታለን። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ተራው የኔ ነበር። ስድስት ሴቶች ነን። ቄጤማ ጎዝጉዤ፣ ፈንዲሻ አቅርቤ፣ ገና አቦሉን ሳልቀዳ ምሬቱ ተጀመረ።

አንዷ እንጀራ እየጋገረች መብራት ሄዶባት ነው የመጣችው። "አራተኛውን አፍስሼ አክንባሎውን ስከድን ድርግም!" አለች። "መሀሉ ጥሬ፣ ዳሩ ደረቅ። አሁን ያ ሁሉ ሊጥ ኮምጥጦ ሊያድር ነው።" ሌላዋ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ገዝታ፣ ከላይ ደህናው ከስር የበሰበሰው ተደርጎ እንደተሰጣት ነገረችን።

እኔም የራሴን አወጣሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ። ሩቅ አይደለም። የሚያደክመው ከመነሳቱ በፊት ያለው ነው። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል። እሮጣለሁ፣ ገብቼ እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከፊቴ ያሉት ሦስቱ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ለካ ተሳፋሪ አይደሉም። ሚኒባሱ የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ ናቸው። እንደገና ግማሽ ሰዓት ጥበቃ። ሲሞላ ደግሞ ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት እንሆናለን። "ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!"

በዚያ ላይ ልብሱ አለ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ እያየሁት ወፍራም ጃኬት ሳልደርብ ከቤት አልወጣም። ሐረጎን ወርደን ስናበቃ ሙቀቱ ይመጣል። ጃኬቴን ላውልቅ ብል ክንዴን የማነሳበት ቦታ የለም። ቢሮ የምደርሰው ላብ በላብ ሆኜ ነው። ማታ ስመለስ ደግሞ ያንኑ ጃኬት እስካገኝ እንቀጠቀጣለሁ፣ ምክንያቱም ቦርሳዬ ውስጥ ከስር ነው ያለው።

"እኔ ብሆን ወርጄ ሌላ እይዛለሁ" አለች የሽንኩርቷ።

"የትኛውን? የሚቀጥለውም ያው ነው" አለቻት ጎኗ ያለችው።

ተሳሳቅን። እውነቴን ነው፣ ስናገረው ቀለለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ይዤው የቆየሁት ነገር ነው።

እማማ ግን ዝም እንዳሉ ነበሩ።

እማማ 60 ዓመት አልፏቸዋል። የኔና የሳቸው ቤት አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። የሳቸው ምሬት ውሃ ነው፣ እሱን ማንም አይነካባቸውም። ሰፈራችን ዳገቱ ላይ ስለሆነ ቀን ቀን ውሃው ወደኛ አይወጣም። ከታች ያሉት ቧንቧቸውን ዘግተው ሲተኙ ነው ግፊቱ እኛ ጋ የሚደርሰው። ያውም በፈረቃው ቀን፣ ያውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ። ሲመጣ ያስታውቃል። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል። ፊሽ ይላል። ከዚያ እንደሚያስል ሰው ሁለት ሦስቴ ይንጠዋል፣ ቀይ አፈር የመሰለ ውሃ ይተፋል፣ ቀስ በቀስ ይጠራል። ይህን ድምፅ እማማ ከእንቅልፋቸው ሆነው ይሰሙታል። ወዲያው በዘነዘና ግድግዳውን ሦስቴ ይመታሉ። እኔ የምነሳው በዚያ ነው። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን ራሴ ቀድሜ ነቅቼ አላውቅም።

ያን ሳምንት ግድግዳው አልተንኳኳም። ረቡዕ ሌሊት ውሃ መጥቶ፣ የሰፈሩ በርሜል ሁሉ ሞልቶ፣ የኔ ባዶ አደረ። ሁለት ቀን ጀሪካን ተሸክሜ ከሰው ቤት ለመንኩ። ተናደድኩባቸው። በሆዴ "ለራሳቸው ሞልተው ተኙ" አልኩ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ብያለሁ።

ቶናውን ስቀዳላቸው ጠየቅኳቸው። "እማማ፣ ውሃው እንዴት ነው?"

"ይመጣል፣ ይሄዳል" አሉ።

ይኸው ብቻ። ሁላችንም ተያየን። እማማ ስለ ውሃ በሁለት ቃል ሲያበቁ ሰምተን አናውቅም።

በረካው ተጠጥቶ፣ ተመራርቀን፣ ሌሎቹ ሲሄዱ እሳቸው አልተነሱም። ሲኒውን ሳጥብ ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ። "ሁለት ዓርብ ሳትደውል አለፈ፣ ልጄ።"

ልጃቸው ጅዳ ነው ያለችው፣ ሰው ቤት ትሠራለች። በኛ ሰፈር ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ሁሌ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ስልካቸው መቀነታቸው ላይ ተቋጥሮ ነበር። በጣታቸው ደጋግመው ይነኩታል፣ እንዳለ ለማረጋገጥ።

"ሌሊቱን ነቅቼ ነው የማድር" አሉኝ። "ጆሮዬ ግን ስልኩ ላይ ነው። ውሃው ይምጣ አይምጣ አልሰማሁትም። የኔም በርሜል ባዶ ነው።"

የምመልሰው ጠፋኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ሰዓት እኛ ስለ ሚኒባስና ስለ ሽንኩርት ስናወራ እሳቸው ይህን ይዘው ነው የተቀመጡት። ስለ መብራትና ስለ ውሃ የምናማርረው አፋችን የሚችለው እሱን ስለሆነ ይመስለኛል። ይሄኛውን ግን ስድስት ሰው ፊት ማውጣት አይቻልም።

ሰኞ ፈረቃችን ነበር። ስልኬን ለ8 ሰዓት ተኩል ሞልቼ ተኛሁ። ተነስቼ ጋቢዬን ተከናንቤ ቧንቧው ጋ ቆምኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብዙ ቆይቶ ፊሽ አለ። ዘነዘናዬን አንስቼ ግድግዳውን ሦስቴ መታሁ። ከወዲያ ምንም የለም። ደግሜ መታሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሦስቴ፣ መልስ መጣ።

ሁለት ጀሪካን ይዘው ወጡ። ብዙ አላወራንም። በባትሪ እያበራሁላቸው በርሜላቸውን ሞላን።

ልጅቷ ዓርብን አልጠበቀችም፣ ሐሙስ ማታ ደወለች። አሠሪዎቿ ይዘዋት ሌላ ከተማ ሄደው፣ ስልኳ ተበላሽቶ ኖሯል። የእማማን እልልታ የሰማሁት በግድግዳው በኩል ነው። እኔም ወጥ እያማሰልኩ ብቻዬን አለቀስኩ።

ትናንት ቡናው የሽንኩርቷ ቤት ነበር። እማማ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ። "ይቺ ልጅ ሰኞ ዘግይታ አንኳኩታ ግማሽ በርሜል አስቀረችብኝ! ውሃ እንደሁ አይጠብቅ!" የመጀመሪያውን ፉት አሉና ሲኒውን መለስ አድርገው አዩት።

"ደግሞ ይሄ ቡና ቀጥኗል። ማናት የወቀጠችው?"